ኮምፒዩተርና ደመወዝ፦ ከእርሳስ የምንማረው

በሥራው ላይ ኮምፒዩተር የሚጠቀም ሠራተኛ አብዛኛውን ጊዜ ከማይጠቀመው የበለጠ ደመወዝ ያገኛል። ለመሆኑ ብልጫውን ያመጣው ኮምፒዩተሩ ነውን? ጥያቄው ቀላል ቢመስልም መልሱ ሳይንሳዊ ጥንቃቄን ይጠይቃል።

አሜሪካዊው የኢኮኖሚክስ ምሁር አለን ክሩገር እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተሙት ጥናት፣ በ1980ዎቹ በአገራቸው በሥራ ላይ ኮምፒዩተር የሚጠቀሙ ሠራተኞች ከሌሎቹ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚበልጥ ደመወዝ እንደሚያገኙ አመለከቱ። ስሌቱ የትምህርት ደረጃንና የሥራ ልምድን ከግምት ያስገባ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1997 ጆን ዲናርዶና ዮርን ስቴፈን ፒሽከ ተመሳሳይ ስሌት በጀርመን መረጃ ላይ ሠሩ። የኮምፒዩተር ተጠቃሚዎች ብልጫ በዚያም ታየ። ተመራማሪዎቹ ግን ሌሎች መሣሪያዎችንም መረመሩ። በሒሳብ ማሽን፣ በስልክና በእርሳስ የሚሠሩ፣ ተቀምጠው የሚሠሩም ሳይቀሩ ወደዚያው የሚጠጋ ብልጫ ነበራቸው! እርሳስ ደመወዝ ይጨምራል የሚል ግን የለም። ምናልባት እነዚህ መሣሪያዎች የሚሰጡት ቀድሞውንም የተሻለ ለሚከፈላቸው ሠራተኞች ይሆናል። ሁለት ነገሮች አብረው መታየታቸው አንዱ የሌላው መንስኤ መሆኑን አያረጋግጥም።

ታዲያ ኮምፒዩተር በደመወዝ ላይ ለውጥ አያመጣም ማለት ነውን? አይደለም። ዴቪድ ኦቶር፣ ፍራንክ ሌቪና ሪቻርድ መርኔን እ.ኤ.አ. በ2003 እንዳብራሩት፣ ኮምፒዩተር የሚተካው በግልጽ ደንብ የሚከናወኑ ተደጋጋሚ ተግባራትን ነው። ስለሆነም መዝገብ የሚገለብጥ ሠራተኛ ተፈላጊነቱ ሲቀንስ፣ አዲስ ችግር የሚፈታና ሰዎችን የሚያስተባብር ሠራተኛ ተፈላጊነቱ ይጨምራል። ደመወዝም ይህንኑ ይከተላል።

የሥራ ሁኔታም ይለወጣል። ሥራን የሚያቀላጥፈው ኮምፒዩተር የሠራተኛውን ፍጥነትና የዕረፍት ጊዜ በደቂቃ ሊመዘግብ ይችላል፤ የእጅ ስልክም ሥራን እስከ ቤት ያደርሳል። ውጤቱን የሚወስነው ግን መሣሪያው ብቻ ሳይሆን ሕግም ጭምር ነው። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ሠራተኞች ከሥራ ሰዓት ውጭ ከስልክና ከኢሜይል የመራቅ መብት እንዲኖራቸው ደነገገች። ስፔን ደግሞ በ2021 ባወጣችው ሕግ አሠሪዎች በሥራ ሁኔታ ላይ የሚወስኑ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች የሚመሩበትን መመዘኛ ለሠራተኞች ተወካዮች እንዲያሳውቁ አስገደደች።

እንግዲህ ለሥራ ዓለም የሚዘጋጅ ተማሪ ኮምፒዩተር መማሩ አስፈላጊ ቢሆንም በቂ አይደለም። በሚመርጠው ሙያ ውስጥ የትኛው ተግባር በደንብ ሊጻፍ እንደሚችል፣ የትኛውስ የሰው ማስተዋልን እንደሚሻ አስቀድሞ ለይቶ ቢያጠና ይጠቀማል።