የልጆቻችን ልደትና በዓላት ሥራ በበዛበት ቤት

የሚነበበው የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል፦ ኢዮብ 1፥1-5፤ 1ኛ ሳሙኤል 2፥18-21፤ ኦሪት ዘጸአት 12፥24-27



ከጥቂት ጊዜ በፊት በአንድ ማኅበረ ምእመናን የሚያገለግል የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪ ልጆቹን፣ «በዓል ማለት ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቃቸው። አንዱ ስለ አዲስ ልብስ፣ ሌላው ስለ ዶሮ ወጥ ተናገረ። አንዲት የ7 ዓመት ልጅ ግን፣ «በዓል ማለት አባባ ቤት የሚውልበት ቀን ነው» ብላ መለሰች። አስተማሪው ይህን ለአባትየው በነገረው ጊዜ ያ ሰው አንገቱን ደፋ። ሰነፍ ወይም ክፉ አባት አልነበረም፤ ጎሕ ሲቀድ ወጥቶ ከመሸ በኋላ የሚመለሰው ለዚህችው ልጅ እንጀራና ትምህርት ብሎ ነው። ለልደቷም ቀን ገንዘብ ተበድሮ ትልቅ ግብዣ አዘጋጅቶላት ነበር፤ ነገር ግን እርሱ ከሥራው ሲመለስ ሻማው ጠፍቶ፣ እንግዶቹም ሄደው፣ ልጅቱም ተኝታ አገኛት። ዕዳውን ግን ከዚያ በኋላ ብዙ ወራት ከፈለ።

ይህ የአንድ ቤት ነገር ብቻ አይደለም። በዛሬው ዘመን አባትም እናትም ለሥራ ይወጣሉ፤ ብዙዎችም ልጆቻቸውን ለአያትና ለአክስት ትተው ወደ ዐረብ አገር ተሰደዋል። እንግዲህ ጊዜው ያጠረበት ክርስቲያን ቤተ ሰብ የልጁን ልደትና የጌታን በዓላት እንዴት ሊያከብር ይገባዋል? ይህን በእግዚአብሔር ቃል ብርሃን እንመርምር።

1. የልደትን ቀን ማክበር ይገባልን?

ልደታቸውን በግብዣ እንዳከበሩ በመጽሐፍ ቅዱስ በግልጥ የተጻፈላቸው ሰዎች ሁለት ገዦች ናቸው፤ እነርሱም ፈርዖንና ሄሮድስ ናቸው (ዘፍ. 40፥20፤ ማቴ. 14፥6)። በፈርዖን ልደት የእንጀራ አበዛዎቹ አለቃ ተሰቀለ፤ በሄሮድስም ልደት የመጥምቁ ዮሐንስ ራስ ተቈረጠ። ስለዚህ በ3ኛው መቶ ዓመት የነበረው የእስክንድርያው መምህር ኦሪጌንስ በኦሪት ዘሌዋውያን ላይ ሲሰብክ፣ ከቅዱሳን ወገን ልደቱን ያከበረ የለም ብሎ እስከ ማስተማር ደርሶ ነበር።

ነገር ግን ልብ ብለን እናንብብ። በሄሮድስ ልደት የተገደለው ያ ዮሐንስ እርሱ ራሱ ሲወለድ ብዙዎች ደስ እንዲላቸው መልአኩ አስቀድሞ ተናግሮ ነበር፤ ጎረቤቶችና ዘመዶችም ከኤልሳቤጥ ጋር ደስ አላቸው (ሉቃ. 1፥14 እና 58)። እንግዲህ ክፋቱ በትዕቢት፣ በዘፈንና በከንቱ መሐላ ነበረ እንጂ በቀኑ አልነበረም። በአንዱ ቤት ሰው ራሱን አከበረ፤ በሌላው ቤት ግን ምሕረትን ያደረገ እግዚአብሔር ከበረ። ልደትን የምናከብር ከሆነ ቤታችን የሄሮድስን ቤት ሳይሆን የዘካርያስን ቤት ይምሰል።

በአገራችንም በገጠር የነበሩ ብዙ አባቶችና እናቶች የልጅን ልደት በየዓመቱ አያከብሩም ነበር፤ ዕድሜውንም በአንድ ታላቅ ነገር፣ በዝናብ መጥፋት ወይም በዘመቻ ያስታውሱት ነበር። ኬኩና ሻማው ከውጭ አገር ወደ ከተማ የገባ ልማድ ነው። ይህ ልማድ አልታዘዘም፤ አልተከለከለምም። ሐዋርያው ጳውሎስ በሮሜ 14፥5-6 እንዳስተማረው፣ ቀንን የሚያከብር ለጌታ ብሎ ያክብር፤ የማያከብርም ለጌታ ብሎ ይተው፤ አንዱ በሌላው ላይ አይፍረድ። ኬክ ያልቈረሰ አባት ልጁን የማይወድ መስሎ አይታየው።

ለእኛ ግን ከዚህ የሚበልጥ አንድ ቀን አለን፤ ይኸውም የጥምቀታችን ቀን ነው። ማርቲን ሉተር በአውሮፓውያን አቈጣጠር ኅዳር 10 ቀን 1483 ዓ.ም. ተወለደ፤ በማግስቱም ተጠመቀ፤ ዕለቱ የማርቲን መታሰቢያ ስለ ነበረ ስሙ ከዚያ ተወሰደ። በ1529 ዓ.ም. ባወጣው በትንሹ ካቴኪዝም ደግሞ ጥምቀት የአንድ ቀን ሥርዐት ብቻ ሳይሆን ክርስቲያን በየቀኑ በንስሐ የሚኖርበት እንደ ሆነ አስተምሯል። ልጆቻችን የተወለዱበትን ቀን ሲያውቁ የእግዚአብሔር ልጆች የተባሉበትንም ቀን ይወቁ።

2. ኢዮብ ማልዶ ይነሣ ነበር

ኢዮብ 7 ወንዶችና 3 ሴቶች ልጆች ነበሩት፤ 7000 በጎች፣ 3000 ግመሎች፣ 500 ጥማድ በሬዎችና 500 እንስት አህዮችም ነበሩት። ከእርሱ ይልቅ ሥራ የበዛበት ሰው ማን ነው? ወንዶች ልጆቹ እያንዳንዳቸው በየቀናቸው ግብዣ ያደርጉ ነበር፤ አንዳንድ መተርጕማን ይህ ቀን የልደታቸው ቀን ነው ይላሉ። የግብዣው ወራት ባለፈ ጊዜ ኢዮብ ማልዶ ተነሥቶ እንደ ቍጥራቸው ስለ እያንዳንዳቸው መሥዋዕት ያቀርብ ነበር፤ ይህንም ሁልጊዜ ያደርግ ነበር።

ሁለት ነገር እናስተውል። አንደኛ፣ ኢዮብ ስለ ልጆቹ በጅምላ አልጸለየም፤ ስለ እያንዳንዱ ነበር እንጂ። ሁለተኛ፣ የቀኑ ሥራ ሳይቀድመው ማለዳውን ወሰደ። ከዚያም በኋላ እንዲህ ባለው በአንድ የግብዣ ቀን ቤቱ ወድቆ ልጆቹ ሁሉ ሞቱ። ወዳጆች ሆይ፤ ይህን የምንናገረው ለማስፈራራት አይደለም። ነገር ግን ለነገ ብለን የምናሳድረው ፍቅር ነገን ላያገኝ እንደሚችል ማወቅ ይገባናል። ኢዮብ ብዙ ነገር አጣ፤ ስለ ልጆቼ ሳልጸልይ ቀረሁ የሚል ጸጸት ግን አልነበረበትም።

3. ሐና በየዓመቱ ታናሽ ልብስ ትሠራ ነበር

ሐና ልጅዋን ሳሙኤልን በሴሎ በጌታ ቤት ተወችው፤ እርስዋም በራማ ኖረች። ከዚያ በኋላ 3 ወንዶችና 2 ሴቶች ልጆች ወለደች፤ እንግዲህ ቤትዋ ሥራ የሞላበት ነበረ። ሆኖም በየዓመቱ ታናሽ መደረቢያ ሠርታ ከባልዋ ጋር ስትወጣ ታመጣለት ነበር።

ይህ መደረቢያ ምን ያስተምረናል? ልጅ በየዓመቱ ያድጋል፤ ያምናው ልብስ ለዘንድሮ አይበቃም። ስለዚህ ሐና ልብሱን በምትሠራበት ጊዜ ሁሉ፣ «አሁን ምን ያህል አድጎ ይሆን?» እያለች ማሰብ ነበረባት። ስጦታው ታናሽ ነበረ፤ ነገር ግን በውስጡ ያንን ልጅ ማሰብ ነበረበት። ከገበያ በችኰላ የተገዛ ውድ ዕቃ ይህን ላይይዝ ይችላል፤ በእናት እጅ የተሠራ ትንሽ ነገር ግን ይይዛል።

በሩቅ አገር በሰው ቤት የምትሠሩ እናቶች ሆይ፤ ይህ ቃል ለእናንተ መጽናኛ ነው። ልጆቻችሁን በየቀኑ ማየት ባትችሉም በልባችሁ ልትከተሏቸው ትችላላችሁ። ገንዘብ ስትልኩ አንድ ቃል ጨምሩበት፤ በልደቱ ቀን በስልክ ስሙን ጠርታችሁ ጸልዩለት፤ ምን ክፍል እንደ ገባ፣ ጓደኛው ማን እንደ ሆነ ጠይቁት። ልጁን የያዘች አያትም «ይህን እናትህ ላከችልህ» ብላ ትንገረው።

4. ከቤቱ ርቆ የነበረ አባት

በ1530 ዓ.ም. ሉተር በኮቡርግ ግንብ ተቀምጦ ነበር፤ የወንጌል ነገር በአውግስቡርግ ጉባኤ የሚታይበት ታላቅ የጭንቅ ወራት ነበረ። ሰኔ 5 ቀን የአባቱን ሞት ሰማ፤ ብዙም አለቀሰ። የበኵር ልጁ ሃንስ ደግሞ ሰኔ 7 ቀን 4 ዓመት ሞላው። ሰኔ 19 ቀን ሉተር ለዚህ ሕፃን ደብዳቤ ጻፈ። በደብዳቤውም ስለ አንድ ውብ አትክልት ቦታ ነገረው፤ በዚያ የወርቅ ልብስ የለበሱ ልጆች ከዛፎች በታች ፍሬ ይለቅማሉ፤ የወርቅ ልጓም ያላቸው ትንንሽ ፈረሶችም አሉ፤ መጸለይና መማር የሚወዱ ልጆች ወደዚያ ይገባሉ። ሲመለስም ከገበያ መልካም ስጦታ ሊያመጣለት ተስፋ ሰጠው።

ይህ ሰው ለነገሥታትና ለመሳፍንት ጉዳይ መልስ የሚጻፍበት ብራና በእጁ ነበረ፤ ሐዘንም በልቡ ነበረ። ነገር ግን የ4 ዓመት ልጅ በሚገባው ቋንቋ ለመጻፍ ጊዜ አገኘ። እኛስ ከእርሱ ይልቅ ሥራ በዝቶብናልን?

5. «ይህ ምንድን ነው?» ብለው ሲጠይቁ

እግዚአብሔር ፋሲካን በሰጠ ጊዜ የልጆችን ጥያቄ አልረሳም። ልጆቻችሁ የዚህ አምልኮ ትርጕም ምንድን ነው ብለው በጠየቁ ጊዜ እንዲህ ብላችሁ መልሱ ብሎ አዘዘ። እንግዲህ በበዓል ቀን የመጀመሪያው የወላጅ ሥራ መልስ መስጠት ነው። ቄጤማ ተጐዝጕዞ፣ ድፎ ዳቦ ተቈርሶ፣ ዶሮው ተሠርቶ ሳለ ልጁ ክርስቶስ ለምን እንደ ተወለደ ሳይሰማ ቢተኛ በዓሉ አልተከበረም።

ብዙ ጊዜም የቤቱ እናት በዋዜማው ሽንኵርት ስትከትፍ፣ ዶሮ ስትገነጥል አድራ በበዓሉ ቀን ደክማ ትወድቃለች። ማርታን ብቻዋን አንተዋት። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደ ተባለ፣ ባልም ወንዶች ልጆችም እጃቸውን ያግቡ። ወጡ አንድ ዓይነት ቢቀንስ ደስታው አይቀንስም።

በአውሮፓና በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ሌላ ችግር አለባቸው፤ የገና ዕለት በዚያ አገር አቈጣጠር ጥር 7 ቀን ስለሚውል ብዙ ጊዜ የሥራና የትምህርት ቀን ነው። እነርሱም በማለዳ ወይም በማታ አንድ ሰዓት ለይተው ወንጌሉን በአማርኛ ቢያነቡ ልጆቻቸው የአባቶቻቸውን ቋንቋና እምነት አብረው ይወርሳሉ።

6. ምን እናድርግ?

ሀ) የልጆቻችሁን የልደትና የጥምቀት ቀን በቤታችሁ መጽሐፍ ቅዱስ የፊት ገጽ ጻፉ። ጳጉሜ 6 ቀን የተወለደ ልጅ ቀኑን በ4 ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ያገኛልና በሌሎቹ ዓመታት ጳጉሜ 5ን ስጡት እንጂ አትርሱት።

ለ) ቀኑን ሙሉ ማግኘት ባትችሉ ከማለዳው ሩብ ሰዓት ውሰዱ። አባት እጁን በልጁ ራስ ላይ ጭኖ በዘኍልቍ 6፥24-26 ባለው በረከት ይባርከው፤ እናትም እንዴት እንደ ተወለደ ትተርክለት። ይህ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም።

ሐ) ግብዣው በዕለቱ ካልተመቸ ወደ እሑድ ከሰዓት በኋላ ይዛወር፤ ነገር ግን ለልጅ የተሰጠ ተስፋ አይሰበር።

መ) ስለ ልደትም ስለ በዓልም አትበደሩ። የጎረቤት ዐይን እንዳያፍርብን ብለን የምንበደረው ገንዘብ ከልጃችን ጋር የምንቀመጥበትን ሰዓት መልሶ ይበላል።

ሠ) ዘዳግም 16፥14 እንደሚያዝ፣ በደስታችን ድኻ አደጉ፣ መበለቲቱና መጻተኛው ይግቡ። የተወለዱበት ቀን የማይታወቅ ልጆች በመካከላችን አሉ። የሰንበት ትምህርት ቤት በየወሩ አንድ ቀን ለይቶ በዚያ ወር ስለ ተወለዱት ልጆች ቢጸልይ፣ ለእነዚህም አንድ ወር ቢመርጥላቸው፣ ማንም ሳይታሰብ አይቀርም።

በመጀመሪያ የተናገርንለት ያ አባት በሚቀጥለው ዓመት ግብዣ አላደረገም። በልጅቱ ልደት ማለዳ ቀስቅሷት፣ ጸልዮላት፣ እጇን ይዞ እስከ ትምህርት ቤቷ በእግር ሸኛት። እርስዋም ለአስተማሪዋ፣ «ዛሬ በዓል ነው» አለችው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1) የሄሮድስና የዘካርያስ ቤት ደስታ በምን ይለያያል?
2) ኢዮብ ስለ እያንዳንዱ ልጅ ለየብቻ መሥዋዕት ማቅረቡ ለእኛ ጸሎት ምን ያስተምራል?
3) በቤታችን በበዓል ቀን የሚደክመው ማን ነው? ሸክሙንስ እንዴት እንከፋፈል?
4) በማኅበራችን ልደቱ የማይታሰብለት ልጅ ማን ነው?

ጸሎት

የሰማይ አባታችን ሆይ፤ ልጆቻችንን ከአንተ ተቀብለናል። በሥራ ብዛት ፊታችንን ከእነርሱ የመለስንበትን ቀን ይቅር በለን። ዘመናችንን መቍጠር አስተምረን፤ በሩቅ ያሉትን እናቶችና አባቶች አጽናናቸው፤ ልጆቻቸውንም በክንፍህ ጥላ ጠብቃቸው። ስለ እኛ ሕፃን ሆኖ በተወለደው በልጅህ በኢየሱስ ክርስቶስ ስም። አሜን።