በአእምሮ ሕመም ምክንያት ከወንጀል ኃላፊነት ነጻ የተባለን ሰው አቆይቶ የመያዝ ውሳኔና ክለሳው፦ ጥርጣሬው ለማን ይቆጠራል?

አንድ ሰው በአእምሮ ሕመም ምክንያት የድርጊቱን ምንነት ወይም ስሕተትነት ሊረዳ ያልቻለ ሆኖ ሲገኝ ፍርድ ቤት ቅጣት አይወስንበትም። ይህ ማለት ግን ነጻነቱን ያገኛል ማለት አይደለም። አሥር ዓመት የተፈረደበት እስረኛ የሚወጣበትን ቀን ይቆጥራል፤ ቅጣት ያልተወሰነበትና ለሕዝብ ያሠጋል ተብሎ በሆስፒታል የተያዘው ሕመምተኛ ግን የሚቆጥረው ቀን የለውም። ያለው ዋስትና ክለሳ ብቻ ነው። የክለሳው ዋጋ ደግሞ በየስንት ጊዜው እንደሚደረግ ከመወሰን ይልቅ፣ ማስረጃው አጠራጣሪ በሆነ ጊዜ ጥርጣሬው ለማን እንደሚቆጠር በመወሰን ላይ የተመሠረተ ነው።

የካናዳ ሕግ ታሪክ ይህን በግልጽ ያሳያል። እስከ 1991 እ.ኤ.አ. ድረስ እንዲህ ያለው ሰው አደገኛ መሆኑ ሳይመረመር፣ የክፍለ ግዛቱ የንግሥቲቱ እንደራሴ እስከ ፈቀደ ድረስ ተይዞ ይቆይ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዚያ ዓመት፣ በዋና ዳኛ አንቶኒዮ ላመር በተጻፈ ውሳኔ፣ ይህን ድንጋጌ ከሕገ መንግሥታዊው የመብቶች ቻርተር ጋር የሚጋጭ ሆኖ አገኘው። በ1992 በሥራ ላይ የዋለው ማሻሻያ ጉዳዩን ለክለሳ ቦርዶች ሰጠ። ቦርዱ ከአምስት ያላነሱ አባላት ሲኖሩት ከእነርሱ ቢያንስ አንዱ የአእምሮ ሐኪም ነው። ሰውየውን ያለ ገደብ መልቀቅ፣ በገደብ መልቀቅ ወይም በሆስፒታል ማቆየት ይችላል፤ ጉዳዩንም በመደበኛው ሥርዓት በየዓመቱ ይመለከታል።

ወሳኙ እርምጃ ግን የመጣው በ1999 ነው። በዳኛ ቤቨርሊ ማክላክሊን በተጻፈው የአብላጫ ድምፅ ውሳኔ መሠረት ሕጉ የአእምሮ ሕመምተኛን አደገኛ ነው ብሎ አይገምትም፤ ሰውየውም አደገኛ አለመሆኑን የማስረዳት ሸክም የለበትም። ቦርዱ ለሕዝብ ደኅንነት ጉልህ ሥጋት መኖሩን በማስረጃ ካላረጋገጠ፣ እርግጠኛ መሆን ቢያቅተው እንኳ፣ ያለ ገደብ ሊለቀው ይገባል። ጉልህ የተባለው ሥጋትም በግምት ላይ የቆመ ሳይሆን እውነተኛ፣ ጉዳቱም ከባድ መሆን አለበት።

በ2014 የወጣው ማሻሻያ የሕዝብ ደኅንነትን ቀዳሚ መመዘኛ አደረገ። በፍርድ ቤት ከፍተኛ ሥጋት ያለባቸው ተብለው የተለዩትንም በሚመለከት ክለሳው እስከ 36 ወር እንዲራዘም ፈቀደ። ሁኔታው ሊሻሻል የሚችልን ሕመምተኛ ሦስት ዓመት ሳያዩ ማቆየት ከክለሳ ዓላማ ጋር የሚጣጣም አይመስልም።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 132 እርምጃው ላልተወሰነ ጊዜ እንደሚጸና፣ ፍርድ ቤቱም ውሳኔውን በየሁለት ዓመቱ እንደሚከልስ፣ ምክንያቱ ሲወገድም እርምጃው እንደሚቆም ይደነግጋል። ታዲያ የሚወገደው «ምክንያት» የትኛው ነው? ሕመሙ ነው ከተባለ፣ ፈጽሞ የማይድን ነገር ግን በመድኃኒት ተረጋግቶ የሚኖር ሰው ዕድሜ ልኩን ሊያዝ ነው። ሆኖም ሕጉ ለይቶ ማቆየትንና ሕክምናን በአንቀጽ 130 እና 131 ለየብቻ አስቀምጧቸዋል፤ ለይቶ ማቆየትንም ከአደገኛነት ጋር አያይዞታል። ስለዚህ የአንቀጽ 132 ምክንያት አደገኛነት ነው ብሎ መተርጎም ይበልጥ ያስኬዳል። እንዲህ ከተተረጎመ፣ ሕመሙ ያልጠፋ ሥጋቱ ግን የተወገደለት ሰው ከጥበቃ ወጥቶ ሕክምናውን ሊቀጥል ይችላል።

ጥርጣሬ ሲኖር ምን ይደረግ ለሚለው ግን የአንቀጹ ቃል ግልጽ መልስ አይሰጥም። «ምክንያቱ ሲወገድ» የሚለው አነጋገር መወገዱ ይረጋገጥ ወደሚል ንባብ ያዘነብላል፤ ይህም ሸክሙን ሊሸከመው በማይችለው ሰው ላይ ይጥላል። አንቀጽ 51 እዚህ ላይ ይረዳል። በዚህ አንቀጽ መሠረት ፍርድ ቤቱን የሚያስገድደው የባለሙያው የተረጋገጠ ሳይንሳዊ ግኝት ብቻ ነው፤ ከዚያ የሚመነጨው ሕጋዊ ድምዳሜ የዳኛው ነው። ይኸው መርሕ በክለሳ ጊዜም ቢሠራ «ገና አልዳነም» የሚል አንድ መስመር የሐኪም ማስታወሻ ለተጨማሪ ሁለት ዓመት ጥበቃ በቂ አይሆንም። ዳኛው ሐኪሙን በማን ላይ፣ በምን ሁኔታ፣ ምን ዓይነት ጉዳት ይደርሳል ተብሎ እንደሚሠጋ፣ ሥጋቱም ከሆስፒታል ውጭ በሚሰጥ ክትትል ሊገታ የማይችለው ለምን እንደሆነ ሊጠይቀው ይገባል።