በቤት የተቀዳ ዲቪዲ በየቤቱ እንዲጫወት

በ2014 ዓ.ም. ጥር ላይ የአንድ ጓደኛችን ታላቅ ወንድም አገባ። ሠርጉን በካሜራ ያነሣነው እኛ ነበርን። ፊልሙን በኮምፒዩተር ቆራርጠን ከቀጣጠልን በኋላ በ20 ዲስኮች ላይ ቀድተን ለሽማግሌዎች፣ ለሚዜዎችና ለዘመዶች አደልን። አንዱን ዲስክ በቀዳንበት ኮምፒዩተር ላይ መልሰን ከፍተን ስላየነው ሥራው ያለቀ መስሎን ነበር።

ሳምንት ሳይሞላ ስሞታው ተከታትሎ መጣ። ከሽማግሌዎቹ በአንዱ ቤት ዴኩ «ኖ ዲስክ» እያለ ዲስኩን ይተፋዋል። በሙሽራው አባት ቤት ፊልሙ ደህና ሲሄድ ይቆይና መልሱ ላይ ሲደርስ ድርቅ ብሎ ይቀራል። በሦስተኛው ቤት ዴኩ የፋይሉን ስም በጽሑፍ ያሳያል እንጂ ሥዕል አያመጣም። አሜሪካ ያለችው የሙሽራው እኅት ደግሞ ምንም እንዳልታየላት በስልክ ነገረችን። እኛም «በእኛ ቤት ይሠራል እኮ!» እያልን ጥፋቱን ሁሉ በሰው ዴክ ላይ አላከክን።

ፋሲካ ሳይደርስ የሙሽራው አያት ዐረፉ። ከአርባው በኋላ ልጆቻቸው ዲስኩን አወጡ። ሊያዩ የፈለጉት እናታቸው በመልሱ ቀን ሙሽሮቹን ጉልበት አስመው የመረቁበትን ቦታ ነበር። ዲስኩ የሚደርቀው ግን እዚያው ላይ ነው። የሙሽራው አባት «ልጆቼ፣ የእናቴ ድምፅ እዚህ ውስጥ አለ ብላችሁኛል፤ ታዲያ የታለ?» ሲሉን መልስ አጣን። ነገሩን ከሥሩ ለመማር የተነሣነው ያን ጊዜ ነው።

ፍላሽና ስልክ በበዛበት ዘመን ስለ ዲቪዲ መጻፍ ምን ያደርጋል የሚል ሰው አይጠፋም። ይሁን እንጂ የፍላሽ ቀዳዳ የሌለው ዴክ ያለባቸው ቤቶች ዛሬም አሉ። ዲስክ ደግሞ በእጅ የሚሰጥ፣ በሽፋኑ ላይ ስምና ቀን የሚጻፍበት፣ በቁም ሣጥን ውስጥ የሚቀመጥ ዕቃ ስለሆነ ትልልቅ ሰዎች ይወዱታል። ስለዚህ ዲስክ የሚቀዳ ሰው አሠራሩን ማወቅ ይገባዋል።

ዲቪዲ ወርዱ 12 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 1.2 ሚሊ ሜትር የሆነ ክብ ፕላስቲክ ነው። መጀመሪያ ለገበያ የቀረበው በጃፓን አገር እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። እያንዳንዳቸው 0.6 ሚሊ ሜትር የሆኑ ሁለት ስስ ገጾች ተጣብቀው የተሠራ ሲሆን ጽሑፉ የሚገኘው በሁለቱ መካከል ነው። የጽሑፉ አደራደር የእርሻ ፈር ይመስላል። ልዩነቱ፣ ገበሬ ፈሩን ከዳር እስከ ዳር ቀጥ አድርጎ ሲያወጣ የዲስኩ ፈር ግን ከመካከል ተነሥቶ እየዞረ ወደ ጠርዝ የሚሄድ መሆኑ ነው። በአንድ ሚሊ ሜትር ወርድ ውስጥ ከ1300 በላይ መስመሮች ተደርድረዋል። ዴኩ ቀይ የሌዘር ጨረር ከሥር ይልክና ተንጸባርቆ የሚመለሰውን ብርሃን እየተከታተለ ያነባል። የሚመለሰው ብርሃን ከደከመ ወይም ጨረሩ ከፈሩ ከወጣ ፊልሙ ይቆማል።

እንግዲህ በፋብሪካ ዲስክና በቤት ዲስክ መካከል ያለውን ልዩነት እንመልከት። በፋብሪካ የሚሠራ የፊልም ዲስክ ጽሑፉ እንደ ማኅተም ተጭኖ የወጣ ነው። ጎድጓዳው ጎድጓዳ ነው፤ በቀላሉ ይነበባል። እኛ የምንገዛው ባዶ ዲስክ ግን በውስጡ ቀለም የተቀባ ነው። የኮምፒዩተሩ መቅጃ ያን ቀለም በሌዘር እያጋለ ነጠብጣብ ያወጣበታል። የከተማ ልጆች መቅዳትን «በርን ማድረግ» የሚሉት ከዚሁ የተነሣ ነው፤ በእርግጥም ማቃጠል ነው። በዚህ መንገድ የወጣው ጽሑፍ ከማኅተሙ ይልቅ ብዥ ይላል። አዲስና ብርቱ ዴክ ያነበዋል፤ ያረጀ ዴክ ግን ዓይኑ እንደ ደከመ ሰው ይቸገራል። አንድ ዲስክ በቀዳው ኮምፒዩተር ላይ መሥራቱ ምንም ማስረጃ አይሆንም። የጻፈው ሰው የራሱን የእጅ ጽሑፍ ማንበቡ ምን ያስደንቃል?

አሁን ወደ ስሞታዎቹ እንመለስ። «ኖ ዲስክ» ያለው ዴክ ምን ሆኖ ነበር? የሰጠነው ዲስክ ተጽፎበት፣ ተሰርዞ፣ እንደ ገና የሚጻፍበት ዓይነት ነበር፤ በሽፋኑ ላይ «አርደብልዩ» የሚል ጽሑፍ አለበት። ባዶ ዲስክ አልቆብን አንድ ያረጀ አርደብልዩ ከመሳቢያ አውጥተን ቀድተንበታል። እንዲህ ያለው ዲስክ የሚሠራው ከቀለም ሳይሆን በሙቀት ጠባዩ ከሚለወጥ የብረት ቅልቅል ነው፤ ከሚያርፍበት ብርሃንም የሚመልሰው ከ18 እስከ 30 በመቶ ብቻ ነው። ተራው የፋብሪካ ዲስክ ግን ከ45 እስከ 85 በመቶ ይመልሳል። ልዩነቱ የኩራዝና የፋኖስ ያህል ነው። ብዙ አሮጌ ዴኮች በዚያ ኩራዝ ማንበብ አይችሉም፤ ስለዚህ ጨርሶ ዲስክ አልገባም ይላሉ። አርደብልዩ ለራስ መሞከሪያ ይሆናል እንጂ ለሰው የሚሰጥ አይደለም።

አንድ ጊዜ ብቻ የሚጻፍባቸው ዲስኮችም ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ «ማይነስ አር» ይባላል፤ ፓዮኒር የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1997 ያወጣው ነው። ሁለተኛው «ፕላስ አር» ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2002 ፊሊፕስና ሶኒ ካሉበት የኩባንያዎች ማኅበር የወጣ ነው። ማይነስ አር ቀደም ብሎ ስለወጣ የቆዩ ዴኮች ይበልጥ ያውቁታል። ፕላስ አርም አንድ ጥሩ ነገር አለው። በእያንዳንዱ ዲስክ መጀመሪያ ላይ ዓይነቱን የሚናገር እንደ ቀበሌ መታወቂያ ያለ ምልክት አለ። አንዳንድ መቅጃዎች ፕላስ አር ሲቀዱ መታወቂያውን «ዲቪዲ ሮም» ብለው፣ ማለትም የፋብሪካ ዲስክ አስመስለው መጻፍ ይችላሉ። ያን ጊዜ ዴኩ መታወቂያውን አይቶ ያሳልፈዋል። ማታለል ነው፤ ነገር ግን ማንንም የማይጎዳ ማታለል ነው። መቅጃችን ይህን የማያደርግ ከሆነ ማይነስ አር ብንገዛ ይሻላል።

የሦስተኛው ቤት ችግር ከሁሉ የቀለለ፣ ለእኛ ግን ከሁሉ ይልቅ የሚያሳፍር ነው። ጊዜ አጥሮን የፊልሙን ፋይል በኮምፒዩተር እንዳለ ገልብጠን ዲስኩ ላይ ጣልነው። ኮምፒዩተር እንዲህ ያለውን ፋይል ይከፍታል። ተራ ዴክ ግን የሚያውቀው የዲቪዲ ቪዲዮ ሥርዓት የሚባለውን ነው። በዚህ ሥርዓት ሥዕሉ ኤምፔግ-2 በሚባል አሠራር ይታመቃል፤ ከዚያ በኋላ «ቪዲዮ ቲኤስ» በተባለ ማኅደር ውስጥ ይገባል። በማኅደሩ ውስጥ ሥዕልና ድምፁን የያዙ ፋይሎች፣ መንገድ የሚመሩ ፋይሎችና የመሪዎቹ መጠባበቂያ ቅጂ ይገኛሉ። ይህን የሚያዘጋጁ ፕሮግራሞች አሉ፤ «ዳታ ዲስክ» ሳይሆን «ዲቪዲ ቪዲዮ» የሚለውን መምረጥ ብቻ ነው የሚፈለገው። ድምፁን «ዶልቢ ዲጂታል» በሚባለው ማድረግ ደግ ነው፤ በየትም አገር ያለ ዴክ ያውቀዋል።

ለመሆኑ ፊልሙ ለምን መጨረሻው ላይ ደረቀ? እስቲ ስሌቱን አብረን እንሥራ። ተራ ዲቪዲ የሚይዘው 4.7 ቢሊዮን ባይት ነው። አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ 37.6 ቢሊዮን ቢት ይሆናል ማለት ነው። ጥራቱ ደህና የሆነ ፊልም፣ ሥዕልና ድምፁ ተደምሮ፣ በሴኮንድ 5 ሚሊዮን ቢት ያህል ይፈልጋል። 37.6 ቢሊዮንን ለ5 ሚሊዮን ስናካፍል 7520 ሴኮንድ እናገኛለን፤ ይህም ወደ 125 ደቂቃ ነው። የእኛ የሠርግ ፊልም ግን 200 ደቂቃ ነበር! በአንድ ዲስክ ለማብቃት ብለን በሴኮንድ ወደ 3 ሚሊዮን ቢት አወረድነው፤ እስክስታው ሲደምቅ ሥዕሉ ይቆራረሳል። ከዚህም በላይ ዲስኩን እስከ ጠርዙ ድረስ ሞላነው። ፈሩ የሚጀምረው ከመካከል ስለሆነ የፊልሙ መጨረሻ የሚጻፈው ጠርዙ ላይ ነው። ጠርዝ ደግሞ ጣት የሚያርፍበት፣ የዲስኩ መወዛወዝ የሚበረታበት፣ የርካሽ ዲስክ ቀለም የማይስተካከልበት ቦታ ነው። የእማማ ምርቃት ያረፈው እዚያ ላይ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ከሁለት ሰዓት የሚበልጥ ፊልም ሲኖረን በሁለት ዲስክ እንከፍለዋለን፤ ሠርጉን በአንዱ፣ መልሱን በሌላው። ከጠርዙም ጥቂት ባዶ ቦታ እንተዋለን። 8.5 ቢሊዮን ባይት የሚይዝ ባለ ድርብ ዲስክም አለ፤ ነገር ግን ብርሃን የሚመልሰው እንደ አርደብልዩ አነስ አድርጎ ስለሆነ ከእሱ ሁለት ተራ ዲስኮች ይመረጣሉ። የሥዕሉንም መጠን በጣም ከፍ ማድረግ አይገባም። ሥርዓቱ በሴኮንድ እስከ 9.8 ሚሊዮን ቢት ቢፈቅድም ደካማ ዴክ የተቀዳ ዲስክ እያነበበ በዚያ ፍጥነት መሮጥ አይችልም። ከ8 ሚሊዮን ባይዘል መልካም ነው።

ፍጥነት ካነሣን፣ የመቅጃውም ፍጥነት ሌላው ጥፋታችን ነበር። 20 ዲስክ ቶሎ ለመጨረስ ብለን በ16 እጥፍ ፍጥነት ቀዳን። አንዱ ዲስክ በ6 ደቂቃ ገደማ ያልቅ ነበር፤ ሲወጣም ይሞቃል። በ4 ወይም በ8 እጥፍ ቢቀዳ ከ8 እስከ 15 ደቂቃ ይፈጃል፤ ጽሑፉም ይጠራል። በሚቀዳበት ጊዜ በኮምፒዩተሩ ላይ ሌላ ሥራ ባይሠራ ይመረጣል። ሲያልቅ «ፋይናላይዝ» የሚባለው ሥራ መፈጸም አለበት፤ ዲስኩን መዝጋት ማለት ነው። ያልተዘጋ ዲስክ በሌላ ዴክ አይነበብም። አብዛኛው የኮምፒዩተር ፕሮግራም ራሱ ይዘጋል፤ ከቴሌቪዥን ላይ በሚቀዳ መሣሪያ ግን አስታውሶ ማዘዝ ያስፈልጋል። በመጨረሻም «ቬሪፋይ» የሚለውን መርጦ የተጻፈው ከዋናው ጋር እንዲነጻጸር ማድረግ ነው። ይህ ሁሉ ጊዜ ይወስዳል። እኛ ግን ቸኩለን አንድ ቀን አተረፍንና ሁለት ወር ከሰርን።

የአሜሪካዋ እኅት ጉዳይ ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። በአገራችን፣ በአብዛኛው አውሮጳና በዐረብ አገሮች የተለመደው የሥዕል ሥርዓት ፓል ይባላል፤ በሴኮንድ 25 ሥዕሎች ያሳያል። የአሜሪካው ኤንቲኤስሲ ሲሆን ወደ 30 የሚጠጉ ሥዕሎች ያሳያል፤ የመስመሩም ብዛት ይለያል። በእኛ አገር ያሉ ዴኮች አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም ይቀበላሉ፤ ስለዚህ ከአሜሪካ የተላከልን ዲስክ ይሠራልናል። በአሜሪካ ያለ ዴክ ግን ብዙውን ጊዜ ፓልን አይቀበልም። አሜሪካ ላለ ዘመድ ሲላክ በኤንቲኤስሲ ለብቻው ማዘጋጀት ይገባል፤ ካልሆነም በኮምፒዩተር እንዲያየው መንገር ነው። አንዳንድ ሰው ይህን «ሪጅን» ከሚባለው ጋር ያምታታል። ሪጅን የፊልም ነጋዴዎች ዓለምን ከፋፍለው ያበጁት ቁልፍ ነው፤ አሜሪካ 1፣ ኢትዮጵያ 5 ናት። ቤት ውስጥ በሚቀዳ ዲስክ ላይ ያ ቁልፍ አይደረግም።

ስለ አያያዝ ጥቂት እንበል። በዲስኩ ላይ የወረቀት ሥዕል መለጠፍ ጌጥ ይመስላል፤ ነገር ግን ወረቀቱ ሚዛኑን ያዛባል፣ ሲሞቅም ይላቀቅና ዴኩ ውስጥ ይቀራል። ስም መጻፍ ካስፈለገ ለስላሳ ጫፍ ባለው ብዕር በመካከለኛው ቀለበት ዙሪያ ይጻፍ። ሲቆሽሽ በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ከመካከል ወደ ጠርዝ ቀጥ ብሎ ይጠረግ። እንደ ምጣድ ማሰሻ ዙሪያውን መጥረግ አደጋ አለው፤ ጭረቱ ከፈሩ ጋር አብሮ ስለሚሄድ ረጅም ቦታ ያጠፋል። ፀሐይም ቀለሙን ያደበዝዘዋል። መስኮት ላይ የሚያስቀምጡ ሰዎች አጋጥመውናል፤ ስለሚያብረቀርቅ ነው መሰለን።

ሁሉን እንደ አዲስ ሠራን። ማይነስ አር ገዛን፤ ከማይታወቅ ዓይነት ሃምሳ ከመግዛት ይልቅ መጀመሪያ ሁለት ገዝተን ሞከርን። ሙከራውንም በኮምፒዩተራችን ላይ አላደረግነውም። በሰፈሩ ውስጥ ከሁሉ ያረጀው ዴክ የማን ነው ብለን ጠየቅንና «ኖ ዲስክ» ያለው የሽማግሌው ቤት መሆኑን ሰማን። እዚያ ሄደን ፊልሙን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተቀምጠን አየን። ሳይደርቅ አለቀ። ከዚያ በኋላ ነው የቀሩትን የቀዳነው።

የሙሽራው አባት ቤት ስንደርስ ግን ዴኩ እንደ ገና እንቢ አለ። አሁንስ ምን አጠፋን ብለን ተያየን። ዴኩ የሚቀመጠው ቡና ከሚፈላበት አጠገብ ኖሯል፤ የከሰሉና የዕጣኑ ጭስ ለዓመታት ገብቶበታል። ሠፈር ውስጥ ካለ ጠጋኝ ዘንድ ወሰድነው። ሌንሱን በአልኮልና በጥጥ ጠርጎ በግማሽ ሰዓት መለሰልን። ሁለተኛውን ዲስክ አስገባን። እማማ በነጭ ቀሚሳቸው ብቅ አሉና እጃቸውን ዘርግተው መመረቅ ጀመሩ። ቤቱ ጸጥ አለ። ምርቃቱ ሲያልቅ አባትየው ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳያነሡ «እስቲ መልሱት» አሉን። መልሰን አሳየናቸው።