ስለ አደጋ ጊዜ ስልክ

ስልክ ማለት በሩቅ ያለውን ሰው ድምፅ አቅርቦ የሚያሰማ መሣሪያ ነው። በኢትዮጵያ የስልክ ሥራ የተጀመረው በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት በ1886 ዓ.ም. ሲሆን፥ ከአዲስ አበባ እስከ ሐረር ሽቦ ከተዘረጋ በኋላ ብዙ ቀን ተጉዞ ይደርስ የነበረው ወሬ በአንድ ቅጽበት መድረስ ቻለ። ዛሬ ግን ስልክ በእረኛው ኪስ ሳይቀር ይገኛል።

ስልክ ከመምጣቱ በፊት አደጋ የደረሰበት ሰው ረዳት የሚጠራው በጩኸት ነበር፤ በገጠር ዛሬም እንዲሁ ነው። ቤት ሲቃጠል፥ ሰውን ወንዝ ሲወስደው፥ አውሬ በከብት መካከል ሲገባ ኡኡታ ይሰማል። ኡኡታውን የሰማ ሁሉ የያዘውን ጥሎ ይሮጣል፤ አራሹ በሬዎቹን እንደ ጠመደ፥ ጋጋሪዋም ምጣዷን እንደ ጣደች ትተው ይሄዳሉ። ለምን ጮኸ ብሎ አስቀድሞ የሚመረምር የለም፤ መጀመሪያ መድረስ ነው፥ መጠየቅ ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህም በከንቱ መጮኽ በጎረቤት ዘንድ ትልቅ ነውር ሆኖ ኖረ። ዶሮዬ ጠፋች ብሎ ኡኡ የሚል ሰው አይገኝም፤ ለጠፋች ዶሮ ቤት ለቤት መጠየቅ ይበቃልና።

በከተማ ግን ጩኸት ብቻውን አይበቃም። ኮልፌ ቀራንዮ በአዲስ አበባ ምዕራብ የሚገኝ፥ ከከተማይቱ 11 ክፍለ ከተሞች አንዱ ነው። (ቀራንዮ የሚለው ስም ጌታ የተሰቀለበት ስፍራ ስም መሆኑን ፊደል የቈጠረ ልጅ ሁሉ ያውቃል፤ በዚያ ያለው የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያንም በዚሁ ስም ይጠራል።) በቤተል፥ በአየር ጤና፥ በዓለም ባንክ፥ በካራ ቆሬ ሕዝቡ በዝቷል፥ ቤቱም ተጠጋግቷል። ከእንጨትና ከጭቃ ተሠርቶ ግድግዳው ከጎረቤቱ ግድግዳ ጋር በተጋጠመ ቤት እሳት ቢነሣ፥ የሰፈሩ ሰው በባልዲ ውሃ ብቻ አያሸንፈውም። ስለዚህ ለከተማይቱ ሰው አጫጭር የስልክ ቍጥሮች ተዘጋጅተውለታል፤ ይኸውም ለእሳትና ለድንገተኛ አደጋ 939፥ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፥ ለአዲስ አበባ ፖሊስ 991 ነው። ሂሳብ የሌለው ሰው እንኳ ሊደውልባቸው ይችላል። እነዚህ ቍጥሮች የከተማ ሰው ኡኡታ ናቸው።

እንዲህ ያለ ቍጥር ለብቻው እንዲለይ ያስፈለገበት ምክንያት በእንግሊዝ አገር ከሆነው ነገር ይታወቃል። በ1928 ዓ.ም. በለንደን ከተማ አንድ ቤት ተቃጥሎ አምስት ሴቶች ሞቱ። እሳቱን ያየ አንድ ጎረቤት ወዲያው ወደ ስልክ ቤት ደውሎ ነበር፤ ነገር ግን መስመሩ በሌሎች ጠሪዎች ተይዞ ስለ ነበረ ተራ እንዲጠብቅ ሆነ። ጎረቤቱም ይህን በጋዜጣ ጽፎ አስታወቀ፤ ነገሩ ከተመረመረ በኋላ በሰኔ 1929 ዓ.ም. 999 የሚባለው ቍጥር ለአደጋ ብቻ ተለይቶ በለንደን ሥራ ጀመረ። የሚያሳዝነው በመጀመሪያው ሳምንት ከተቀበሉት ከ1,300 የሚበልጥ ጥሪ ውስጥ 91ዱ የቀልደኞች መሆኑ ነው። ቀልደኛው አንድ ሳምንት እንኳ አልታገሠም።

በአዲስ አበባም ወደ አደጋው ቍጥር የሚደውል ሁሉ አደጋ የደረሰበት አይደለም። አንዱ መብራት ጠፋብኝ ይላል፤ ሌላው ባለታክሲው ትርፍ ገንዘብ ወሰደብኝ ይላል፤ አንዱ ድመቴ ጣራ ላይ ወጥታ አልወርድ አለች ይላል፤ ወጣቱም የሴት ድምፅ ለመስማት ብቻ ይደውላል። ስልኩን የሚቀበለው ሠራተኛ ግን በአንድ ጊዜ ከአንድ ሰው ጋር ብቻ ነው የሚነጋገረው። በዚህ ላይ የአዲስ አበባ ሰው ቤቱን የሚያመለክተው በቤት ቍጥር አይደለም፤ ከመስጊዱ ጀርባ፥ ከወፍጮ ቤቱ ዝቅ ብሎ፥ አረንጓዴ በር ያለው እያለ ነው እንጂ። ቤቱ የሚቃጠልበት ሰው ይህን ሁሉ እየተንቀጠቀጠ ለማስረዳት ደቂቃ ያስፈልገዋል። ድመቲቱ የወሰደችው ያንን ደቂቃ ነው። መኪናውም በሐሰት ጥሪ ወደ ቤተል ከተላከ፥ በዚያን ሰዓት ካራ ቆሬ ለሚቃጠለው ቤት አይደርስም። ቀልደኛው ሂሳብ ስላልተቈረጠበት ማንም አልከፈለም ይላል፤ የከፈለው ግን መስመሩ አልገባ ያለው ሌላው ሰው ነው።

አደጋ የሚባለው ምን እንደ ሆነ የኮልፌ ቀራንዮ ሰው ከማንም ይልቅ ያውቃል። ቅዳሜ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ማታ በዚሁ ክፍለ ከተማ ቆሼ በሚባለው ስፍራ ለብዙ ዘመን የተከመረው የከተማ ቆሻሻ ተንዶ፥ በሥሩ የነበሩትን ቤቶች ከነሰዎቻቸው ቀበረ። ዘመድ በእጁና በአካፋ፥ በኋላም በመቈፈሪያ መኪና ሬሳ ሲፈለግ ቀናት ዐለፉ። ከ110 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፤ በአገሩም ሁሉ የሦስት ቀን ሐዘን ታወጀ።

ይሁን እንጂ አደጋ በሟች ብዛት ብቻ አይለካም፤ መለኪያው ጊዜ ነው። አንዲት ወላድ ደም ቢፈስሳት ጎረቤቷ እንኳ ላይሰማ ይችላል፤ ነገር ግን አንድ ሰዓት የማይታገሥ ነገር ነውና አደጋ ነው። መብራት ሦስት ቀን ቢጠፋ መንደር ሁሉ ይማረራል፤ ሽቦው ተበጥሶ ከመሬት ካልወደቀ በቀር ግን አደጋ አይደለም። ለመብራት 905፥ በከተማይቱ ለውሃ 906 ተብሎ ሌላ ቍጥር ተሰጥቷል።

በትንሽ ነገር የሚደውለውን ሰው ሁሉ ክፉ ነው ማለት ግን እውነት አይሆንም። ብዙው ሰው ወደ ሚገባው ቢሮ ደጋግሞ ደውሎ ወይም በእግሩ ተመላልሶ መልስ ያጣ ነው። አቤቱታው ካልተሰማለት ወደሚሰማበት መሄዱ የሰው ጠባይ ነው፤ የአደጋው ስልክ ደግሞ ቶሎ የሚነሣ ስልክ ነው። ስለዚህ የዚህ ጥፋት አንዱ ክፍል ስልኩን በማያነሣው ቢሮ ላይ ይወድቃል።

ሕፃን ሲያለቅስ ዝም ይበል ተብሎ ስልክ ይሰጠዋል። የተቈለፈ ስልክ እንኳ ለአደጋ ጥሪ የሚሆን ክፍት ስፍራ አለው፤ ሕፃኑም ሳያውቅ ይነካዋል። በስሕተት የደወለ ሰው ደንግጦ መዝጋት አይገባውም። ዝም ብሎ የተዘጋ ስልክ አፉ የታፈነ ሰው ይመስላልና፥ በስሕተት ነው ብሎ ተናግሮ መዝጋት ይሻላል።

ከዚህ ትምህርት የተነሣ ልጆች ፈርተው በእውነተኛ አደጋ ሳይደውሉ ቢቀሩ፥ ከቀልደኛው የባሰ ጥፋት ይመጣል። ጭስ አይቶ የደወለ ልጅ፥ በኋላ የእንጀራ መጋገሪያ ጭስ ሆኖ ቢገኝ አይነቀፍም፤ ያየውን በእውነት ተናግሯልና። የሚደውለውም አስቀድሞ ስፍራውን፥ ቀጥሎ የሆነውን ነገር፥ ከዚያም የተጐዳ ሰው መኖሩን ይናገራል። ስፍራው ፊተኛ የሚሆነው ስልኩ በመካከል ቢቋረጥ እንኳ መኪናው ወዴት እንደሚሄድ እንዲታወቅ ነው። የሚጠይቀው ሠራተኛ በቃኝ ሳይል ስልኩ አይዘጋም። መኪናው በጠባቡ መንገድ እንዳይጠፋበትም አንድ ልጅ ወደ ትልቁ አስፋልት ወጥቶ ይቆማል፤ ሌሊት ከሆነ ባትሪ ይይዛል፤ መኪናው ሲታይም እጁን እያወዛወዘ ከፊት ከፊት እየሮጠ እስከ ቤቱ ደጃፍ ይመራል።