ሕፃናትን ከብዝበዛ መጠበቅ የጋራ አደራችን ነው

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 የምናገኘው ደጉ ሳምራዊ የቆሰለውን መንገደኛ ብቻውን አላዳነውም። ቁስሉን ካሰረለት በኋላ ወደ እንግዶች ማረፊያ ወስዶ ሁለት ዲናር በመክፈል ለባለቤቱ አደራ ሰጠው፤ ተጨማሪ ወጪ ቢኖርም ሲመለስ እንደሚከፍለው ቃል ገባ። በዚህ ትምህርታችን ይህ የአደራ ቅብብል ለሕፃናት ጥበቃ ምን እንደሚያስተምረን እንመለከታለን።

ከገጠር ወደ ከተማ ለሥራ የሚወሰዱ ሕፃናት ጉዳይ ለማናችንም እንግዳ አይደለም። ከጋሞ ደጋማ አካባቢዎች ለሽመና ወደ አዲስ አበባ፣ ከሌሎች ስፍራዎችም ለቤት ሥራ የተወሰዱ ብዙዎች ናቸው። ወሳጁ ብዙ ጊዜ ዘመድ ወይም የታወቀ ሰው ሲሆን፣ ለወላጆች የሚሰጠውም ተስፋ ልጁን ማስተማር ነው።

ሕጉ ግልጽ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናትን ከጉልበት ብዝበዛ ይጠብቃል። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የሆነን ልጅ እንዳይቀጥር ይከለክላል፤ አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ደግሞ በሰው መነገድን በወንጀል ይቀጣል።

ታዲያ ክፍተቱ የት ላይ ነው? መምህሩ ተማሪው መቅረቱን ያውቃል፤ የሄደበትን ግን አያውቅም። በመናኸሪያ ያለው ፖሊስ ልጁን ያያል፤ ወላጆቹን አያውቅም። የጤና ባለሙያው ጉዳቱን ያክማል፤ አሠሪውን አያውቅም። የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤትም ጥቆማ ካልደረሰው ሊደርስለት አይችልም። ሁሉም የየራሱን ይዞ ሲቀመጥ ሕፃኑ በመካከል ይጠፋል። ወደ ቤቱ ቢመለስ እንኳ የሚከታተለው ከሌለ ዳግመኛ ሊወሰድ ይችላል።

ስለዚህ ከእኛ የሚጠበቀው መርማሪ መሆን ሳይሆን ቅብብሉ እንዳይቋረጥ ማድረግ ነው፦

1. ከትምህርተ ክርስቶስ ክፍል የቀረ ልጅ ሲኖር ቤቱ ሄደን እንጠይቅ።
2. ጥርጣሬ ሲያድርብን ሳንዘገይ ለፖሊስና ለጽሕፈት ቤቱ እናሳውቅ። ልጁን ደጋግመን በመጠየቅ አናስጨንቀው፤ ስሙንም በአደባባይ አናንሣ።
3. ልጁ ሲመለስ ከትምህርት ቤቱና ከወላጆቹ ጋር ተመካክረን ትምህርቱን እንዲቀጥል እንርዳው።

ከሁሉ በፊት ግን ራሳችንን እንመርምር። እናስተምራታለን ብለን ከገጠር ያመጣናት ልጅ በቤታችን ካለች፣ ጠዋት የእኛ ልጆች ደብተራቸውን ይዘው ሲወጡ እርስዋ ወዴት ትሄዳለች?

ለውይይት፦ በቁምስናችን እንዲህ ያለ ችግር ቢያጋጥም መጀመሪያ የምንነግረው ለማን ነው? እርሱስ ለማን ያስተላልፋል?