የተሟላ መኪና የለም፤ የበሰለ ሾፌር ግን አለ

እ.ኤ.አ. በ1992 ኒንቴንዶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ «ሱፐር ማሪዮ ካርት» የሚባል የእሽቅድምድም ቪዲዮ ጌም ለገበያ ሲያቀርብ መነሻው መስመር ላይ ስምንት ባለ መኪኖች ተሰለፉ። ዘንዶ መሰሉ ባውዘርና ጎሪላው ዶንኪ ኮንግ ጁኒየር መኪናቸው ከባድ ነው፤ ለመነሳት ይዘገያሉ፣ አንዴ ፍጥነታቸው ላይ ከደረሱ ግን የሚስተካከላቸው የለም። ኤሊው ኩፓና ባለ እንጉዳይ ቆቡ ቶድ መሪያቸው እንደ ልብ ይታዘዛል፤ ቀጥ ባለው መንገድ ላይ ግን ይቀደማሉ። ልዕልት ፒችና ዮሺ ከቆሙበት ተፈትልከው ይወጣሉ። ማሪዮና ወንድሙ ሉዊጂ ደግሞ ከሁሉም በመጠኑ አላቸው፤ በአንዱም ግን አይበልጡም።

ስምንት መኪና ተሰልፎ እንከን የለሽ አንድም አልተገኘም። እንዲህ የተሠራውም ሆን ተብሎ ነው። አንዱ መኪና በሁሉም ነገር ቢበልጥ ኖሮ ሁሉም ሰው እሱኑ ይመርጥ፣ ጨዋታውም ቶሎ ይሰለች ነበር። ይህ የካርቱን እሽቅድምድም ግን ከሠላሳ ዓመት በላይ ልጅና ወላጅን አንድ ሶፋ ላይ አስቀምጧል። ከተከታታዮቹ «ማሪዮ ካርት 8 ዴሉክስ» ብቻውን ከ60 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል። ከባዱም ያሸንፋል፣ ቀላሉም ያሸንፋል፤ ሾፌሩ መኪናውን ማወቁ ነው ቁም ነገሩ።

ወዳጆቼ፣ ብዙዎቻችን የጎደለንን ስንቆጥር እንውላለን። የእገሌ ጭንቅላት፣ የእገሊት ድፍረት፣ የጎረቤት ዕድል ቢኖረኝ እንላለን። እኔ ግን ዛሬ እላችኋለሁ፦ በያዛችሁት መኪና ማሸነፍ ትችላላችሁ። እንዴት እንደሆነ ከዚሁ ጌም እንማር።

1. መኪናችሁን እወቁ

በ«ማሪዮ ካርት 8» መኪናውን የሚገጣጥመው ተጫዋቹ ራሱ ነው። ሾፌሩን፣ ቦዲውን፣ ጎማውንና አየር ላይ የሚያንሳፍፈውን ክንፍ ይመርጣል። አንዱን በቀየረ ቁጥር አምስት መለኪያዎች ከፍ ዝቅ ይላሉ፦ ከፍተኛ ፍጥነት፣ ቶሎ የመነሳት አቅም፣ ክብደት፣ የመሪ ታዛዥነት እና ጎማው መሬት የመቆንጠጥ ብርታት። ለስላሳውን የውድድር ጎማ ብትገጥሙ ፍጥነት ታገኛላችሁ፤ ከአስፋልቱ ወጥታችሁ ሣር ስትረግጡ ግን ጎማው መሬት አይቆነጥጥም። ትንንሾቹን ሮለር ጎማዎች ብትገጥሙ መኪናው ከመቅጽበት ይነሳል፤ ከፍተኛው ፍጥነት ግን ይወርዳል። አምስቱንም ጫፍ የሚያደርስ ግጥምጥም የለም።

እ.ኤ.አ. በ2014 ሦስት የመርሰዲስ መኪኖች ወደዚህ ጌም ገብተው ነበር። አንዱ የ1930ዎቹ ዝነኛ የውድድር መኪና ደብልዩ 25 ሲልቨር አሮው ነው፤ ሁለተኛው 300 ኤስኤል ሮድስተር፣ ሦስተኛው ደግሞ የዘመኑ ጂኤልኤ። ባለ ኮከብ አርማዎቹ መኪኖች ከሌሎቹ ካርቶች (ትንንሽ የውድድር መኪኖች) ጋር በዚያው አምስት መለኪያ ተለኩ። አርማው አያስቀድምም። ስም፣ ዲግሪ፣ የታወቀ ቤተሰብ መነሻው መስመር ላይ ያምራሉ፤ መንገዱ ሲጀመር ግን የሚሠራው እናንተ መሪ ላይ የምታደርጉት ነው።

እስቲ ይህን ወደ ራሳችን እናምጣው። ከባድ መኪና የሆነ ሰው አለ። ጓደኞቹ በሦስት ወር የጨረሱትን ትምህርት እሱ በስድስት ወር ይጨርሳል፤ አንዴ ከያዘው ግን አይለቀውም፣ ሌሎች ደክሟቸው ሲያቆሙ እሱ ገና መሞቁ ነው። የዚህ ሰው ጠላት መቆራረጥ ነው። ከባዱ ካርት ተመትቶ ከቆመ ፍጥነቱን መልሶ ለማግኘት ጊዜ ይፈጅበታል፤ ይህም ሰው እንዲሁ። ስለዚህ ስልኩን አጥፍቶ፣ በሩን ዘግቶ፣ ማንም ሳያስነሳው የሚሠራበትን ሰዓት ያስከብር።

ቀላል መኪና የሆነም አለ። አዲስ ሥራ በቀናት ይለምዳል፣ ቢወድቅ ወዲያው ተነስቶ ይቀጥላል። ነገር ግን ቀላሉ ካርት ከከባዱ ጋር ሲላተም ወደ ዳር የሚገፋው እሱ ነው። ይህ ሰው «እሺ» ማለት ስለሚቀናው የሌላው ጉዳይ ከራሱ መንገድ ያስወጣዋል። የሚያዋጣው ሥራውን በአጫጭሩ ከፋፍሎ መጨረስና «አሁን አልችልም» ማለትን መልመድ ነው።

ሁለቱ መኪና ቢለዋወጡ ሁለቱም ይሸነፋሉ። የሰው ወርቅ አያደምቅ የተባለው ለዚህ ነው።

2. ጉልበቱ ያለው ኩርባው ላይ ነው

የ«ሱፐር ማሪዮ ካርት» አወላለድ ራሱ ትምህርት ነው። ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ1990 «ኤፍ ዜሮ» የተባለ እጅግ ፈጣን የእሽቅድምድም ጌም አውጥቶ ነበር፤ የሚጫወተው ግን አንድ ሰው ብቻ ነው። በኩባንያው ጌም ፈጣሪ በሽጌሩ ሚያሞቶ የሚመራው ቡድን ሁለት ሰዎች በአንድ ስክሪን እንዲሽቀዳደሙ ፈለገ። ስክሪኑን ለሁለት ከፍለው ሲሞክሩ የያኔው ማሽን እነዚያን ረጃጅምና ቀጥ ያሉ መንገዶች ለሁለት ሰው ማሳየት አልሆነለትም። ቡድኑ ሐሳቡን አልጣለም፤ መንገዱን አሳጥሮ ጠመዘዘው። ለጠባብና ጠመዝማዛ መንገድ የምትስማማዋን ትንሿን ካርትም አመጣ። መጀመሪያ መሪ ላይ የተቀመጠው ቱታ የለበሰ ተራ ሰው ነበር፤ ማሪዮ የተተካው በኋላ ነው። ቀጥ ያለው መንገድ በመከልከሉ የተወለደው ጌም ከ8 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ።

አሁን ደግሞ በ«ማሪዮ ካርት 8» ኩርባው ላይ የሚሆነውን ቀረብ ብላችሁ ተመልከቱ። ተጫዋቹ መታጠፊያው ጋ ሲደርስ ከጆይስቲኩ አናት ያለችውን ቁልፍ ይጫናል። ካርቷ እንጣጥ ትልና ኋላዋን ወደ ውጭ ጥላ በጎን ትንሸራተታለች፤ ድሪፍት የሚሉት ይህን ነው። ቁልፉን ሳይለቅ ሲቆይ ከኋላ ጎማዎቹ ሥር ሰማያዊ ብልጭታ ይወጣል። እዚህ ላይ ቢለቅ ትንሽ ግፊት ያገኛል። ከታገሠ ብልጭታው ብርቱካናማ ይሆናል፣ ግፊቱም ይጠነክራል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ዴሉክስ ሦስተኛ ደረጃ ጨመረበት፤ እስከ መጨረሻው የያዘ ተጫዋች ወይን ጠጅ ብልጭታ ያያል፣ ሲለቀው ካርቷ ተፈናጥራ ትሄዳለች።

ልብ በሉ፤ ይህ ጉልበት የሚጠራቀመው መንገዱ ሲታጠፍ ነው። ልብስ ስፌት የሚማር ሰው ቀጥ ያለውን ስፌት ቶሎ ይለምደዋል፤ የሚጨነቀው ኮሌታና እጅጌ ላይ ሲደርስ ነው። ብዙው ሰው እዚያ ጋ ይተወዋል። ታግሦ ኮሌታውን ደጋግሞ የፈታና የሰፋው ግን ደንበኛ የሚፈልገው ባለሙያ ይሆናል። እናንተስ ሰማያዊው ብልጭታ ላይ የለቀቃችሁት ስንት ነገር አለ? ቋንቋው ሰላምታ ላይ ቀረ፣ ንግዱ የመጀመሪያው ኪሳራ ላይ ቆመ። ይህን ጊዜ ትንሽ ቆዩ። ትንሽ የቆየ ሰው ብርቱካናማውን ያያል።

3. ድጋፉን የምታጠፉበት ቀን ይኑር

ዴሉክስ ለጀማሪ ያሰበው ደግ ነገር አለ። መሪውን የሚያግዝ አሠራር ሲበራ ከካርቷ ኋላ ትንሽ አንቴና ትቆማለች፤ ተጫዋቹ ወደ ገደል ሊወጣ ሲል መኪናውን ወደ መንገዱ ይመልስለታል። ሕፃናት የመጀመሪያ ውድድራቸውን ሳያለቅሱ የሚጨርሱት በዚህ ነው። ዋጋ ግን አለው። አንቴናዋ እስካለች ድረስ ወይን ጠጁ ብልጭታ አይገኝም፤ ከመንገድ ወጣ ብለው የሚያቋርጧቸው አንዳንድ አቋራጮችም ዝግ ናቸው።

ድጋፍ ነውር አይደለም። ጀማሪ ሆኖ ያልተደገፈ የለም። ነገር ግን መልመጃችሁን ሁሌ ሌላ ሰው የሚያርምላችሁ ከሆነ፣ ስልክ ለመደወል እንኳ ታላቅ ወንድም ወይም እህት የምትልኩ ከሆነ ከገደል ትድናላችሁ፤ ትልቁን ግፊት ግን አታገኙትም። አንቴናዋን አጥፉ። መጀመሪያ ሰሞን ትወድቃላችሁ። ጌሙ ውስጥ የወደቀውን ሁሉ ላኪቱ የተባለው ባለ ደመና አንስቶ መንገዱ ላይ ይመልሰዋል። ትንሽ ጊዜና ጥቂት ሳንቲም ይጎድልባችኋል፣ ውድድሩ ግን ይቀጥላል። የመጀመሪያው ስህተትም እንዲሁ ነው፤ ያስከፍላል፣ ከውድድር አያስወጣም።

4. ሳንቲሟን አትናቁ፣ ነጥቡን አስሉ

መንገዱ ላይ የተበተኑት ሳንቲሞች ለጌጥ አይደሉም። እያንዳንዷ የመኪናውን ከፍተኛ ፍጥነት በጥቂቱ ትጨምራለች፤ ጥቅሟ የሚቆጠረው እስከ 10 ድረስ ነው። አንዷ ብቻዋን ለውጧ በዓይን አይታይም። አሥሩን የያዘ ግን ምንም ካልያዘው ይቀድማል። ከመተኛት በፊት የምታነቧቸው ገጾች፣ ከደመወዝ ላይ የምትቆርጧት ትንሽ ቁጠባ፣ ማለዳ የምትራመዷት መንገድ የእናንተ ሳንቲሞች ናቸው።

አሁን ደግሞ ወረቀት አውጥታችሁ ይህን አስሉ። በ«ማሪዮ ካርት 8» አንድ ዋንጫ አራት ውድድር አለው፤ ተወዳዳሪዎቹ 12 ናቸው። አንደኛ የወጣ 15 ነጥብ፣ ሁለተኛ 12፣ ሦስተኛ 10፣ አራተኛ 9 እያለ የመጨረሻው 1 ያገኛል። ሁለቴ አንደኛ፣ ሁለቴ መጨረሻ የወጣ ተጫዋች ድምሩ 32 ነው። አንድም ጊዜ ሳያሸንፍ አራቱንም ውድድር አራተኛ የጨረሰ ግን 36 ይዞ ይበልጠዋል! አንድ ሌሊት ሙሉ አጥንቶ ሳምንት የሚተኛ ሰው ሁለቴ አንደኛ የወጣው ነው። በየቀኑ አንድ ሰዓት የሚቀመጠው ደግሞ አራተኛው ነው። ጭብጨባው ለመጀመሪያው ይሆናል፤ ድምሩ ግን ለሁለተኛው ነው።

5. ወደ ኋላ መቅረት መጨረሻ አይደለም

ጥያቄ ምልክት ያለባቸውን ሳጥኖች ሰብሮ ያለፈ ተጫዋች ዕቃ ያገኛል። የሚያገኘው ዕቃ እንደ ደረጃው ይለያያል። ፊት ላለው በብዛት የሚደርሰው የሙዝ ልጣጭ ወይም ሳንቲም ነው። ኋላ ለቀረው ግን የማይነካ የሚያደርገው ኮከብ ይወጣለታል፤ ወደ ተወንጫፊ ጥይት ቀይሮ ብዙዎችን የሚያሳልፈውም ይወጣለታል። እ.ኤ.አ. በ1996 «ማሪዮ ካርት 64» ካመጣት ጊዜ ጀምሮ ደግሞ ፊት የሚመራውን አሳድዳ የምትመታ ሰማያዊ የኤሊ ቅርፊት አለች።

ከዚህ ሁለት ነገር ያዙ። ፊት ያላችሁ፣ መመታት እንዳለ ቀድማችሁ እወቁ፤ ሲደርስባችሁ ማልቀሻ ጊዜ ሳታባክኑ ነዳጁን ርገጡ። ኋላ የቀራችሁ፣ ሳጥኑ የሚከፈተው እየነዳ ለደረሰበት ብቻ ነው። ተስፋ ቆርጦ መንገድ ዳር ለቆመ ሾፌር ኮከብ አይመጣለትም። ዘግይታችሁ ትምህርት የጀመራችሁ፣ በአርባ ዓመታችሁ ሙያ የቀየራችሁ፣ ከስደት ተመልሳችሁ ከዜሮ የተነሳችሁ፦ ንዱ! የሚቀጥለው ሳጥን ከፊታችሁ ነው።

6. ከትናንቱ ራሳችሁ ጋር ተሽቀዳደሙ

ጌሙ ውስጥ ተጫዋቹ ከሰዓት ጋር ብቻ የሚፎካከርበት ክፍል አለ። እዚያ ከጎኑ የምትሮጠው ብርሃን የሚያሳልፍ ጥላ መሳይ መኪና የራሱ ያለፈ ምርጥ ሰዓት ናት። የት ጋ እንደምትቀድመው ያያል፤ ሁለተኛው ኩርባ ላይ ዘግይቶ እንደገባ፣ ድሪፍቱን ቀድሞ እንደለቀቀ ይገባዋል። በሚቀጥለው ዙር እሷኑ ብቻ ያስተካክላል። የጎረቤት ፍጥነት ያስቀናል፣ የራስ ጥላ ግን ታስተምራለች።

እንግዲህ ተግባሩን ከዛሬ እንጀምር። በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ አምስቱን መለኪያ ጻፉ፤ ቶሎ መነሳት፣ በፍጥነት መዝለቅ፣ ግፊትን መቋቋም፣ አቅጣጫ መቀየር፣ በአስቸጋሪ መሬት ላይ መርጋት። ለየራሳችሁ በእውነት ነጥብ ስጡ፤ የሚያውቃችሁን አንድ ሰውም ጠይቁ። ከፍ ያለውን መለኪያ የሚፈልግ አንድ ሥራ ለዚህ ሳምንት ምረጡ። ትታችሁት ከነበረው አንዱን ኩርባ ደግሞ መልሳችሁ ያዙትና ካለፈው ጊዜ በላይ ቆዩበት። ማጥፋት የምትችሏት አንዲት አንቴና ካለች አጥፏት። በሳምንቱ መጨረሻ ሰዓታችሁን ካለፈው ሳምንት ሰዓታችሁ ጋር አስተያዩ።

ሌላ መኪና እስኪመጣ አትጠብቁ፤ ይህ የያዛችሁት ለእናንተ በቂ ነው። ልኩን እወቁ፣ ኩርባውን አትፍሩ፣ ሳንቲሙን ልቀሙ። መንገዱ ክፍት ነው፤ ጉልበቱም በእጃችሁ አለ። በርቱ፣ ተነሱ፣ ንዱ!