ሰርቪሱ ለምን አልነሳም አለ?

ጥያቄ፦ ሲስተም ሴንተር ኦፕሬሽንስ ማኔጀርን ጭኜ ትናንት ሲሠራ ዋለ። ዛሬ ሰርቨሩ ሪስታርት ሲደረግ ግን ሰርቪሱ «ስህተት 1069» ብሎ አልነሳም አለኝ። የዶሜይን አድሚን አካውንት ሰጥቼው ብገላገልስ?

መልስ፦ እንዳያደርጉት! ያ ሰርቨር አንድ ቀን ቢጠለፍ መላውን ዶሜይን አስረከቡ ማለት ነው። 1069 ሎግ ኦን አልተሳካም ከማለት በቀር ብዙ አይነግርዎትም። ኢቨንት ቪውወር ውስጥ የሲስተም ሎግን ይክፈቱ። 7038 ካዩ ብዙ ጊዜ ችግሩ የፓስዎርድ ነው፤ 7041 ከሆነ ግን አካውንቱ «ሎግ ኦን አዝ ኤ ሰርቪስ» የተባለው መብት የለውም።

የእርስዎ ሁለተኛው ይመስለኛል። አካውንቱን በሰርቪስ መስኮቱ በኩል ሲያስገቡ ዊንዶውስ መብቱን ራሱ ይሰጣል። መብቱ በግሩፕ ፖሊሲ የተወሰነ ከሆነ ግን ፖሊሲው እንደገና ሲተገበር የእርስዎን ይሽረዋል። በሥራ ላይ ያለ ሰርቪስ ይህ አይሰማውም፤ ጉዱ የሚወጣው እንደገና ሲነሳ ነው። ሰርቨሩ ላይ ከመታገል ፖሊሲው ላይ አካውንቱን ይጨምሩ፤ ቀድሞ የነበሩትን ግን እንዳያጠፉ።

ፓስዎርድ መቀየር ከሰለቸዎት ከዊንዶውስ ሰርቨር 2012 ጀምሮ ግሩፕ ማኔጅድ ሰርቪስ አካውንት አለ። ፓስዎርዱን በየ30 ቀኑ ዶሜይኑ ራሱ ይቀይረዋል፤ ኦፕሬሽንስ ማኔጀር 2022ም ይቀበለዋል።